ልጁ 3 ወር ሲሞላው ማን ይያዘው?

ሮም ውስጥ የስደተኛ ወረቀት በሚያስፈጽም አንድ ፓትሮናቶ ወረፋ ይዤ ሳለሁ የሰማሁት ጥያቄ ነው ይህን ያስጻፈኝ። ከፊቴ አንዲት ፊሊፒናዊት እናት 18 ዓመት ከሞላት ልጇ ጋር ተቀምጣለች። ለልጅቷ የጣልያን ዜግነት ሊጠይቁ ነው የመጡት። ልጅቷ እዚያው ሮም ተወልዳለች፤ ጣልያንኛው ከአንደበቷ ይንቆረቆራል። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አገላብጣ አየችና «ከ4 ወሯ እስከ 6 ዓመቷ የት ነበረች?» አለች። እናትየው ወዲያው አልመለሰችም። ልጅቷ ግን መለሰች፦ «ሎላ ጋ።» አያቷ ጋ፣ ፊሊፒንስ፣ ባታንጋስ በምትባል አውራጃ።

ጥያቄው አብሮኝ ሰነበተ። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ሕጉ የሚያስጠይቀውን ነው የጠየቀችው። እኔን ያብሰለሰለኝ፣ ያ የስድስት ዓመት ክፍተት የተከፈተው ልጅቷ ገና መቀመጥ ሳትችል መሆኑ ነው። እናቲቱ የቆረጠችው ለሥራዋ ብላ ነበር። አራስ ቤት ሆኖ ከ18 ዓመት በኋላ ስለሚጠየቅ ዜግነት የሚያስብ ማን አለ?

ስለ ፊሊፒኖ እናቶች በሰው አገር ብዙ ይወራል፤ ታታሪነታቸው፣ ታማኝነታቸው፣ በየወሩ የሚልኩት ገንዘብ። ልጃቸው 3 ወር የሞላው ቀን ምን እንደሚሆን ግን የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ለእኛ ደግሞ ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በጣልያን ቤቶች ተቀጥረው ከሠሩት የመጀመሪያዎቹ የውጭ አገር ሴቶች መካከል የኤርትራ፣ የኢትዮጵያ፣ የኬፕ ቨርዴና የፊሊፒንስ ሴቶች ይገኛሉ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በሮም ባቡር ጣቢያ፣ ቴርሚኒ አካባቢ የእኛም የእነሱም ሴቶች ያችኑ አንዷን የግማሽ ቀን ዕረፍት ነው የሚያርፉት። የምጽፈው ስለ እነሱ ቢሆንም ብዙ እኅቶቼ ራሳቸውን እዚህ ውስጥ ያገኛሉ።

ቀኗን የወሰናት ማን ነው?

በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት በጣልያን ሕግ 5 ወር የወሊድ ፈቃድ አላት፤ በተለመደው አቆጣጠር 2ቱ ከወሊድ በፊት፣ 3ቱ ከወሊድ በኋላ። የሚከፍላት አሠሪዋ ሳይሆን የማኅበራዊ ዋስትናው መሥሪያ ቤት ኢንፕስ ነው፤ ለቤት ሠራተኞች ከተተመነው ደመወዝ 80 በመቶ። ይህን ለማግኘት ፈቃዱ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት 24 ወራት የ52 ሳምንት፣ ካልሆነም በመጨረሻዎቹ 12 ወራት የ26 ሳምንት መዋጮ ገብቶላት መገኘት አለበት።

ብዙ እናቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ሆኖ የሚቆጠረው ቢያንስ 24 ሰዓት ሲመዘገብ ነው። አሠሪው ከጠዋት እስከ ማታ እያሠራ በወረቀት 20 ሰዓት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ ሳምንቶቿ ተሸራርፈው ይገባሉ፤ አርግዛ ስትቆጥራቸው አይሞሉም። ሁለት ሦስት ቤት በሰዓት የምትሠራ ሴት የሁሉም ቤት ሰዓት ይደመርላታል፤ ግን እያንዳንዱ ቤት ማስመዝገብ አለበት። መዋጮ የሚከፈለው በየ3 ወሩ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ቀኖች ኤፕሪል 10፣ ጁላይ 10፣ ኦክቶበር 10 እና ጃንዋሪ 10 ናቸው። ከእነዚህ ቀኖች ጥቂት ሳምንት ቆይቶ ፓትሮናቶ ጎራ ማለትና የመዋጮውን ዝርዝር ማስወጣት አሠሪን መጠርጠር ተደርጎ መታየት የለበትም። ሆድ ከገፋ በኋላ የጎደለ ሳምንት ማሟላት አይቻልም። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ቢሮ ወይም ፋብሪካ የምትሠራ እናት ልጇ አንድ ዓመት እስኪሞላው ከሥራ አትባረርም፤ ለማጥባት በየቀኑ የተፈቀደላት ሰዓት አለ፤ ከፈለገች የወሊድ ፈቃዱ ሲያልቅ ተጨማሪ የወላጅነት ፈቃድ ትወስዳለች። የቤት ሠራተኛዋ እነዚህ ሦስቱም የሏትም። ጥበቃዋ የሚያበቃው ፈቃዷ ባለቀበት ዕለት ነው። ከዚያ በኋላ አሠሪዋ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሊያሰናብታት ይችላል። በሳምንት 25 ሰዓትና ከዚያ በላይ ለምትሠራና አገልግሎቷ ከ5 ዓመት ላልበለጠ ሴት ማስጠንቀቂያው 15 ቀን ነው፤ ፈቃዷ ካለቀ 31ኛው ቀን ሳይደርስ ካሰናበታት እጥፍ ይሆናል። ያ እጥፍ የሆነ ማስጠንቀቂያ በቤት ሠራተኞች የጋራ የሥራ ስምምነት መኖሩን የማታውቅ ብዙ ሴት አለች፤ ተሰናብተሽ ከሆነ ቀኑን ቁጠሪና ጠይቂ።

የሌላውን ሰው እናት የምታጥብ፣ የሌላውን ሰው ልጅ ከትምህርት ቤት የምታመጣ ሴት የራሷን ልጅ የምታጠባበት ሰዓት በሕግ የላትም። ይህን ስጽፍ ልቤ ይደማል።

አብራ የምታድር ከሆነች ነገሩ ይብሳል። የውሉ የሥራ ሰዓት በሳምንት 54 ነው፤ በቀን እስከ 10 ሰዓት። ዕረፍቷ እሑድ ሙሉ ቀንና ሌላ ግማሽ ቀን፣ አብዛኛውን ጊዜ ሐሙስ ነው። የምትተኛው የምትንከባከባት አሮጊት ሌሊት ስትጣራ በምትሰማበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ታዲያ የሕፃኑ አልጋ የት ይገባል?

ያቺ ሳምንት

ፈቃዱ ሊያልቅ ሲል፣ እናቲቱ ማታ ማታ ልጁን አስተኝታ ሒሳብ ትሠራለች። እያደረች መሥራቱን ትታ በሰዓት ብትሠራ ሰዓቱ ቢበዛ 40 ይሆናል፤ ግን ቤት ኪራይ ይመጣል። ሕፃን ይዛ ለምትመጣ እናት ደግሞ አልጋ ብቻ የሚያከራዩት ቤቶች ደስ አይላቸውም፤ የሌሊት ልቅሶ ሌሎቹን ያነቃል፣ እነሱም በጠዋት ሥራ አለባቸው። የሕፃናት ማቆያውን፣ አዚሎ ኒዶውን ብትሞክር፣ የማዘጋጃ ቤቶቹ ከ3 ወር ጀምሮ የሚቀበሉ ቢኖሩም ምዝገባው በብዙ ከተማ በጸደይ ለጥቂት ሳምንታት ተከፍቶ ይዘጋል። መግቢያው ሴፕቴምበር ነው። ኦክቶበር ላይ የወለደች እናት ፈቃዷ በአውሮፓ ክረምት መሃል ያልቃል፤ የዚያ ዓመት በር ተዘግቷል፣ የሚቀጥለው ገና አልተከፈተም። በዚህ መሃል ያለውን ጊዜ ማን ይሙላው?

ስለዚህ ሎላ ትታሰባለች። ስለ ሎላ ስናወራ እንጠንቀቅ። በፊሊፒንስ ልጅን ለአያት መስጠት መጣል አይደለም፤ በእኛም አገር «አያት ያሳደገው» የሚባለው ልጅ ፍቅር ጠግቦ ያደገ ነው። ባታንጋስ ውስጥ ማቢኒ በምትባለው ከተማ «ትንሿ ጣልያን» የሚሉት መንደር አለ፤ በጣልያን ደመወዝ የተሠሩ ቤቶች የተደረደሩበት ነው። እናቶቹ ሮምና ሚላኖ ሆነው ያሠሯቸው ቤቶች ውስጥ ልጆችና አያቶች አሉ። እናቲቱ ይህን እያየች ነው ያደገችው። ምናልባትም እሷን ራሷን አያቷ ናት ያሳደገቻት።

ግን ልማድ መሆኑ ቀላል አያደርገውም። ትኬቱ ከተቆረጠበት ቀን ጀምሮ ሰውነቷ የማይሰማት ይመስል የሚረሳ አንድ ጉዳይ አለ፤ ጡት ማስተው። ብዙዎች በመጨረሻው ቀን በአንድ ጊዜ ያቋርጣሉ፤ ከዚያ በአውሮፕላን ውስጥ ጡታቸው ድንጋይ ይሆናል፣ ሮም ሲደርሱ ትኩሳት ይዟቸው ሥራ ይገባሉ። ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መጀመር ይሻላል። በመጀመሪያ የቀኑን አንድ ጡት በጡጦ መተካት፣ ሦስት አራት ቀን ቆይቶ ሁለተኛውን፣ እንዲህ እያሉ የሌሊቱን መጨረሻ ላይ ማስቀረት። ጡጦውን እናትየው ሳትሆን ሌላ ሰው ቢሰጠው ልጁ ቶሎ ይቀበላል፤ እሷ ስትይዘው ጠረኗ ስለሚሸተው ጡጦውን ይገፋል። ጡቱ ሲወጠር ማለብ ያለባት ቀለል እስኪላት ብቻ ነው፤ አሟጥጣ ካለበች ወተቱ ይጨምራል። በጨርቅ ጠፍሮ ማሰር አይረዳም። የቀላና የሚያቃጥል ቦታ ከትኩሳት ጋር ከመጣ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ጊዜ አይሰጥም። ለሎላም የዱቄት ወተቱን አሠራር ቀድሞ ማሳየት ያስፈልጋል፦ መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዱቄት፤ ውሃው ፈልቶ ገና ከ70 ዲግሪ ሳይወርድ ይበጠበጣል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል። ወተቱ እንዲበረክት ብላ ውሃ የምታበዛ አያት አለች፤ ልጁ ጡጦውን ጠጥቶ ይከሳል።

የሚችሉት እናቶች ፈቃዳቸው ሳያልቅ ራሳቸው ልጁን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጥቂት ሳምንት አብረው ይቆዩና ብቻቸውን ይመለሳሉ። ልጁ የሎላን እጅ እስኪለምድ ድረስ እናትየው ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ትላለች፤ ማጠቡን፣ ከዚያ ማስተኛቱን ለአያቱ ትለቃለች። እየተኛ ሳለ ተደብቆ መሄድ የሚመክሩ አሉ። እኔ አልስማማም። ሕፃኑ ባይገባውም አብረውት ያሉት ትልልቆቹ ልጆች ይገባቸዋል፤ ሰው ሳይሰናበት እንደሚጠፋ ከዚያች ቀን ይማራሉ።

ይህችን ሴት «ለገንዘብ ብላ ልጇን ጣለች» የሚል ሰው ጣልያንም ውስጥ፣ ፊሊፒንስም ውስጥ አለ፤ በእኛም መሃል በዓረብ አገር ስላሉ እናቶች እንዲህ ሲባል ሰምቻለሁ። እኔ የምመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ቀኗን ተመልከቱ። የልጇን 3ኛ ወር የመለያያ ቀን ያደረገው የሥራ ውሉ ነው። ያ ውል ለቢሮ ሠራተኛዋ እንደተጻፈው ቢጻፍላት ስንቷ ልጇን እቅፏ ውስጥ ታስቀር ነበር?

ከተለያዩ በኋላ ኑሮው ሰዓት መቁጠር ነው። ፊሊፒንስ ከጣልያን በአውሮፓ ክረምት 7 ሰዓት፣ በበጋ 6 ሰዓት ትቀድማለች። አሮጊቷ ምሳ በልታ በምታሸልብበት ሰዓት፣ በሮም ከቀኑ 8 ላይ፣ ባታንጋስ በክረምት ከምሽቱ 3 ሆኗል፤ ልጁ ሊተኛ ነው። ጥሩ መስኮት ያ ብቻ ነው፤ የመኝታ ተረቱ በዚያ ይነበባል። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መደወል ረጅም ከማውራት ይበልጣል፤ ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ ስልክ ፊት ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም፤ «ና፣ እማማን አናግር» ተብሎ በግድ ሲጎተት ስልኩን ራሱን ይጠላል። በመርከብ የሚላከው ትልቁ ካርቶን፣ ባሊክባያን ቦክሱ፣ ወደ ሁለት ወር ይወስዳል። የልጅ ጫማ የምትልክ እናት ሎላ እግሩን በሴንቲሜትር እንድትለካላት ታደርግና 1 ተኩል ሴንቲ ጨምራ ትገዛለች፤ የዛሬውን ልክ ከገዛች ሲደርስ አይገባውም። ከባዱ ከሥር፣ ሳሙናና ቡና በየከረጢቱ ተለይቶ፣ ምክንያቱም ቸኮላቱ የሳሙና ሽታ ይዞ ይደርሳል። በውጭ ለሚሠሩ ዜጎች ከ2016 ወዲህ በፊሊፒንስ ሕግ በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በጠቅላላው እስከ 150,000 ፔሶ የሚያወጣ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ ይገባል፤ ስለዚህ የዕቃውን ዝርዝር በእውነት መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

እዚሁ ያስቀረችው እናት

ልጁን እዚሁ ያስቀረችው እናት ሌላ ዓይነት ተራራ ነው የምትወጣው። ኒዶ ቢገኝ እንኳ የመጀመሪያው ፈተና የማላመጃው ጊዜ ነው። ልጁ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት፣ እናቱ አጠገቡ ሆና፤ ቀጥሎ ሁለት ሰዓት፤ ከዚያ እሷ ለጥቂት ደቂቃ ትወጣለች፤ እንዲህ እያለ ብዙውን ጊዜ እስከ ሁለት ሳምንት ይሄዳል። ለልጁ በጣም ጥሩ ነው፤ ለሠራተኛ እናት ግን ሥራ መቅረት ነው። ይህን ጊዜ ለዓመት ፈቃዷ አስቀድማ ካላስቀመጠችው መጨረሻው አሠሪ ፊት መለማመጥ ይሆናል። ክፍያው በቤተሰቡ ገቢ ማረጋገጫ ይሰላል፤ ኢንፕስ የሚሰጠው የኒዶ ድጎማ አለ፣ ሆኖም በየወሩ የተከፈለበትን ደረሰኝ ማቅረብ ይጠይቃል። ደረሰኝ የጣለች እናት ገንዘቡን ጣለች ማለት ነው። ክትባቱም አለ፤ በ2017 በወጣው ሕግ 10 ክትባቶች ግዴታ ናቸው፣ ያልተከተበ ልጅ ኒዶም መዋዕለ ሕፃናትም አይገባም።

ከዚያ በኋላ የየቀኑ ጥያቄ «ማን ያመጣዋል?» ነው። ሙሉ ቀን የሚያስተምሩት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እስከ 10 ሰዓት ተኩል ይይዛሉ፤ እሷ ግን በዚያ ሰዓት የሌላ ሰው ልጅ ትምህርት ቤት በር ላይ ናት። ፊሊፒኖዎቹ እዚህ ላይ ከማንም ይልቃሉ። በአንድ ሰፈር ያሉ አራት አምስት እናቶች ሰዓታቸውን ያገጣጥማሉ፤ ጠዋት ቢሮ የምታጸዳዋ ከሰዓት ነፃ ናት፣ የሁሉንም ልጆች እሷ ትሰበስባለች፤ ማታ እሷ ስትወጣ የእሷን ልጅ ሌላዋ ትይዛለች። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው እንዲህ ያለውን ነው። የሚበላሸው በወረቀት ነው፦ ትምህርት ቤቱ ልጁን የሚሰጠው ስሙ ዴሌጋ በሚሉት የውክልና ወረቀት ላይ ለሰፈረ፣ የመታወቂያው ቅጂ ለተያያዘ ሰው ብቻ ነው። ዴሌጋው በየዓመቱ ይታደሳል። ሴፕቴምበር ላይ ሁሉም እናቶች የሁሉንም ስም ቢያስገቡ፣ አንዷ ስትታመም መምህሩ ልጁን ይዞ እናትየው ጋ አይደውልም።

ምግቡ ሐሙስ ይሠራል። አዶቦ የሚመረጠው ስለሚቆይ ነው፤ ኮምጣጤው ይጠብቀዋል። ለ1 ኪሎ ዶሮ ግማሽ ኩባያ ኮምጣጤ፣ ግማሽ ኩባያ አኩሪ አተር ሶስ፣ አንድ ራስ ነጭ ሽንኩርት የተደቆሰ፣ ሁለት ሦስት የሎሬል ቅጠል፣ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ። ኮምጣጤው ከገባ በኋላ ክዳኑ ተከፍቶ እስኪፈላ ድረስ ማንኪያ አይገባም፤ ቀድሞ የተማሰለ እንደሆነ ጥሬ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል ይላሉ። የጣልያን የወይን ኮምጣጤ ከአገራቸው የሸንኮራና የኮኮናት ኮምጣጤ ይልቅ ስለሚያቃጥል ሲሶውን በውሃ የሚተኩ አሉ። ሩዙ በኩባያ አይለካም፤ የጣት ጫፍ ሩዙን ነክቶ ውሃው እስከ መጀመሪያው አንጓ ሲደርስ በቃ ነው። ልጁ «ፓስታ ነው የምፈልገው» ሲል ብዙ እናቶች ይከፋቸዋል። ባይከፋቸው ደስ ይለኛል፤ ትምህርት ቤት ምሳ ላይ በየቀኑ የሚበላው ፓስታ ነው። ሁለቱንም ጠረጴዛ ላይ ያደረገች እናት ልጇ አዶቦውንም ሳይረሳ ያድጋል።

የበጋው ዕረፍት ግን መላ የለውም። ትምህርት ቤት ጁን መጀመሪያ ላይ ተዘግቶ ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ይከፈታል፤ የሠራተኛዋ የዓመት ዕረፍት 26 የሥራ ቀን ነው። ቀሪውን የበጋ ማቆያዎች በክፍያ ይሞሉታል፣ ኦገስት ላይ እነሱም ይዘጋሉ።

ሬሲደንሳ

ጣልያን ውስጥ ከውጭ አገር ወላጆች የተወለደ ልጅ በ1992ቱ ሕግ ቁጥር 91 መሠረት ዜግነት የሚጠይቀው 18 ዓመት ሲሞላው ነው፤ 19 እስኪሞላው ጊዜ አለው። ቅድመ ሁኔታው ከልደት እስከ 18 ዓመት ሳያቋርጥ በሕጋዊ መንገድ መኖር ነው። ክፍያው 250 ዩሮ ነው። እንግዲህ 3 ወር ሲሞላው ወደ ሎላ የሄደ ልጅ ምን እንደሚገጥመው ይታያችሁ። አንድ ልጅ ከጣልያን በተከታታይ ከ6 ወር በላይ ከወጣ ሶጆርኖው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ አይታደስም፤ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ የሚያገለግል ሶጆርኖ ከሆነ የዘመኑን ግማሽ ካለፈ፤ የረጅም ጊዜው የአውሮፓ ኅብረት ወረቀት ደግሞ ከኅብረቱ ውጭ 12 ተከታታይ ወር ከቆየ ይሰረዛል። ሶጆርኖው ሲሞት ሬሲደንሳውም፣ በማዘጋጃ ቤት ያለው የነዋሪነት ምዝገባ፣ ይከተላል፤ ልጁ እንደገና የሚመጣው እንደ አዲስ በቤተሰብ ማገናኘት ነው።

ስለዚህ የሚላክ ልጅ ካለ ቢያንስ ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ለአጭር ጊዜ የሄደ ልጅ፣ ሶጆርኖውና ሬሲደንሳው ሳይነካ ከተመለሰ፣ ክፍተቱን ማስረዳት ይቻላል፤ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር በ2007 ባወጣው መመሪያ የክትባት ካርድና የትምህርት ቤት ወረቀት ማስረጃ ይሆናሉ። የክትባት ደብተሩን አትጣይ፣ የሕፃናት ሐኪሙን ወረቀት አትጣይ። በ2013 የወጣው ሕግ ደግሞ በወላጅ ወይም በመሥሪያ ቤት ጥፋት የጎደለ ወረቀት በልጁ ላይ እንዳይቆጠር ይላል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ልጁ 18 ሊሞላው ሲል በ6 ወር ውስጥ በደብዳቤ ማሳወቅ አለበት፣ ካላሳወቀ የ19 ዓመቱ ገደብ አይያዝበትም።

ከጣልያን ሳይወጡ ሬሲደንሳቸው የሚሰረዝባቸውም አሉ። ሶጆርኖ በታደሰ በ60 ቀን ውስጥ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ኮሙኔ፣ ሄዶ «አሁንም እዚሁ ነኝ» ብሎ ማስታወቅ ያስፈልጋል፣ ለልጁም ጭምር። ይህን የማያደርግ ሰው ከጊዜ በኋላ ከመዝገብ ሊወጣ ይችላል፤ ማስጠንቀቂያው የሚላከው የቀድሞው አድራሻ ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከለቀቀ ቆይቷል። እናት አልጋ ተከራይታ ስትዘዋወር በየጊዜው አድራሻ ማስለወጥ የሰለቻት ከሆነ በልጇ 18 ዓመት ላይ እየቆረጠች መሆኑን ትወቀው።

ሌላው ስም ነው። ፊሊፒኖ በመሃል የእናቱን የቤተሰብ ስም ይይዛል፤ የጣልያን መሥሪያ ቤቶች አንዱ ከራሱ ስም ጋር ይለጥፈዋል፣ ሌላው ይጥለዋል፣ ከዚያ የግብር ቁጥሩ ከፓስፖርቱ አይገጥምም። መፍትሔው ገና በልደቱ ነው። ልደቱ የሚመዘገበው ሆስፒታሉ ውስጥ ከሆነ በ3 ቀን፣ ኮሙኔ ከሆነ በ10 ቀን ነው፤ በዚያች ዕለት የተጻፈው ፊደል በፊሊፒንስ ኤምባሲ ልደት ሪፖርት፣ በፓስፖርቱና በሶጆርኖው ላይ አንድ መሆኑን አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። የኤምባሲው ሪፖርት ከ12 ወር ካለፈ የዘገየ ምዝገባ ተብሎ ተጨማሪ ቃለ መሐላ ይጠየቅበታል። የእኛ ነገር የባሰ ነው፤ ልጁ የአባቱን ስም፣ እናቱ የአባቷን ስም ስለሚይዙ ድንበር ላይ እናትነቷን የሚጠይቃት አይጠፋም፤ የልደት ወረቀቱ ከቦርሳዋ አይውጣ።

እናትየው ራሷ ዜጋ ከሆነች አብሯት የሚኖር ልጅም ይከተላታል። ለዚህ 10 ዓመት ሬሲደንሳ፣ የሦስት ዓመት በቂ ገቢና ከ2018 መጨረሻ ወዲህ ቢ1 የሚባለው መካከለኛ ደረጃ ጣልያንኛ ያስፈልጋታል። ከ2025 ጀምሮ ልጁ በዚያን ጊዜ ቢያንስ 2 ተከታታይ ዓመት በጣልያን የኖረ መሆን አለበት። 10 ዓመቱን ወደ 5 ለማውረድ በጁን 2025 የተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ከመራጩ ግማሹ እንኳ ስላልወጣ ወድቋል። ፊሊፒንስ ከ2003 ጀምሮ የሌላ አገር ዜጋ የሆነ ተወላጇ የፊሊፒንስ ዜግነቱን መልሶ እንዲይዝ ትፈቅዳለች፤ የኢትዮጵያ ሕግ ጥምር ዜግነት ስለማይፈቅድ የእኛ እናቶች ይህን ውሳኔ ከዚህም አብዝተው ያስቡበት።

ከሎላ የሚመጣው ልጅ

የተላከው ልጅ አንድ ቀን ይመጣል። ገቢው፣ የቤቱ ብቁነት ማረጋገጫ፣ አፖስቲል የሚሉት የውጭ አገር ማረጋገጫ የተመታበት የልደት ወረቀት፣ ሁሉም አልቆ ቪዛው ይሰጣል። ብቻውን ወይም ከወላጁ ሌላ ሰው ጋር የሚበር ሕፃን ከፊሊፒንስ የማኅበራዊ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የጉዞ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ይህን ኤርፖርት ላይ የሚያስታውስ ሰው ትኬቱን ይከስራል።

ስድስት ዓመት ሳይሞላው የመጣ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር ፊደል ይቆጥራል፤ በአንድ ዓመት ቋንቋው ይስተካከላል። 13 እና 14 ዓመት ላይ የመጣው ነው የሚከብደው። በሕጉ ዕድሜው የሚገባበት ክፍል መግባት አለበት፤ በተግባር ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ዝቅ ይደረጋል፣ ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ የመለስተኛ ደረጃው ፈተና ይጠብቀዋል። ስለዚህ ወሩን መምረጥ ከተቻለ ከፋሲካ በኋላ ይምጣ፤ ፈተና ሳይኖርበት ክፍሉን አይቶ፣ በጋውን ቋንቋ ተምሮ ሴፕቴምበርን ይጀምራል። ጃንዋሪ ላይ የመጣ ልጅ ምንም በማይሰማው ክፍል ውስጥ ብርድ ላይ ይቀመጣል።

ቤት ውስጥ ደግሞ እናቱን አያውቃትም። በስልክ የሚያውቃት ሴት ሣቂታ፣ የማትቆጣ፣ ስጦታ የምትልክ ነበረች፤ በር የከፈተችለት ሴት ደክሟት የምትመለስ፣ «ጫማህን አውልቅ» የምትል ናት። ብዙ እናቶች ከመጀመሪያው ሳምንት ሥርዓት ለማስያዝ ይሮጣሉ፤ የጠፋውን ዓመት በአንድ ጊዜ ሊያሳድጉት። አይሆንም። የመጀመሪያው ወር አብሮ መብላትና አብሮ ገበያ መውጣት ይበቃል። እያደረች የምትሠራ ከሆነች ልጁ ሳይመጣ ውሏን ወደ ተመላላሽ ማስቀየር አለባት፤ ልጅ አምጥቶ ሐሙስና እሑድ ብቻ ማየት ሁለተኛ መላክ ነው። ሮም ላሉት በሳንታ ፑዴንዚያና ቤተ ክርስቲያን፣ በሌላም ከተማ በየማኅበሩ የሚሰባሰቡት የፊሊፒኖ ወጣቶች ብዙ ያግዛሉ፤ ታጋሎግ የሚያወራ እኩያ ያገኘ ልጅ ስልኩ ላይ ብቻ አይቀርም።

የሎላም ነገር አለ። በየወሩ ይላክላት የነበረው ገንዘብ ለልጁ ተብሎ ቢሆንም መድኃኒቷና መብራቷ ከዚያው ነበር። ልጁ በሄደ ማግስት የሚቆም ከሆነ አሮጊቷ በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ታጣለች። እናቶቹ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይቀንሱ ቢልኩላት፣ ልጁም በመኝታ ሰዓቱ ሳይሆን በእሱ ጠዋት፣ በእሷ ከሰዓት በኋላ፣ ራሱ እንዲደውልላት ቢያለማምዱት፣ ካሳደገችው ልጅ ጋር እሷም አትለያይም።